አንገቱን ብቻ ወይስ ሙሉ ገላውን? የሃያ ቀለሆች ጉዳይ

የአጎቴ ልጅ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ከገባ ሃያ ዓመት አልፎታል። እኔ ደብረ ማርቆስ ቶርኖ ቤት አለኝ። የወፍጮ ዘንግ ሞልቼ እጠርባለሁ፣ የኩሽኔታ መቀመጫ አስተካክላለሁ፣ የተበላ ጥርስ አወጣለሁ። እሱ እዚያ አንድ ብረት ሲያስቸግረው መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው። ስለዚህ መጋቢት 2014 ዓ.ም. ላይ አንድ ማታ በቴሌግራም ፎቶ ሲልክልኝ አልገረመኝም። ፎቶው ግን አስደነገጠኝ።

ነጭ ወረቀት ላይ የተጋደመ ባዶ ቀለህ ነው። ከቂጡ ሰባት ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያበራ ቀጭን መስመር ዞሮታል። ክር ታስሮበት የተፈታ ይመስላል። ከሥሩ «ይኼ ምንድን ነው ወንድሜ?» ብሎ ጽፏል።

እንዲህ ያለ መስመር ዘንግ ላይ አውቀዋለሁ። ብረቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቷል ማለት ነው። ሊለያይ ነው።

«ወንድምጋሼ፣ ይህን ቀለህ ዳግም እንዳትተኩሰው። ሌሎቹንም አቁም። ልደውልልህ» አልኩት።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ስልክና ከዚያ በኋላ የመጡት ሰባት ወራት ታሪክ ነው። ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ኮሎራዶ ውስጥ አዳኝም ሆነ ዒላማ ተኳሽ የራሱን ቀለህ መልሶ ቢሞላ የሚከለክለው የለም፤ መሣሪያው በሱቅ ይሸጣል። እኛ አገር ግን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት ወንጀል ነው። ስለዚህ ይህን አንብቦ ጓሮ ገብቶ የሚሞክር እንዳይኖር እለምናለሁ። ባሩድ ስንት፣ ምን ዓይነት የሚለውን አልነካም። የምጽፈው ስለ ናሱ ነው። ውጭ አገር ያሉ ብዙ ወንድሞቻችን ይህን ሥራ ይሠራሉ፤ በአማርኛ የሚነግራቸው ግን የለም።

መጀመሪያ ቀለሁን እንወቀው።

የተተኮሰ ጥይት አረሩ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ የቂጡ ማቀጣጠያ ይሞታል። የሚተርፈው ቀለሁ ብቻ ነው። 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ የሆነ ናስ ነው። እንደ ጠርሙስ አድርገህ አስበው። ጠባብ አንገት፣ ከሥሩ ተዳፋት ትከሻ፣ ረጅም ገላ፣ ወፍራም ቂጥ። ጥይቱ የሚጎርስበትን የበርሜሉን የኋላ ክፍል እኔ «ጓዳ» እለዋለሁ። ጥይቱ ሲጎርስ ትከሻው የጓዳውን ተዳፋት ይነካል፤ ቂጡ ጓዳውን ከኋላ የሚዘጋው መቀርቀሪያ ላይ ያርፋል። ከትከሻ እስከ ቂጥ ያለው ርቀት በጣም ትንሽ ቢሳሳት ነገር ይበላሻል።

የዘመዴ ጠመንጃ .308 ዊንቸስተር ነው፤ በ1952 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣ፣ አዳኞች የሚወዱት ልክ። ለዚህ ልክ የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 4,270 ባር ያህል ነው። የመኪናህ ጎማ 2.5 ባር ቢይዝ፣ ይህ ከ1,700 ጊዜ በላይ ነው። በዚያ ግፊት ናሱ ተነፍቶ የጓዳው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ የሚያደርገው ይህ መለጠፉ ነው። ግፊቱ ሲወድቅ ናሱ ትንሽ ይሰበሰባል፤ ስለተሰበሰበም ቀለሁ ይወጣል።

ችግሩ ሙሉ በሙሉ አይሰበሰብም። ከመጀመሪያው ሰፋ ብሎ ነው የሚቀረው። መልሰህ ልትሞላው ከፈለግህ መጭመቂያ ላይ በጥርስ በሚታሰር፣ ዳይ በሚባል የብረት ቅርጽ ውስጥ ጨምቀህ ወደ ልኩ ትመልሰዋለህ። ጥያቄው ምን ያህሉን ትመልሳለህ ነው። አረሩን የሚይዘውን አንገት ብቻ? ወይስ ከአንገት እስከ ቂጥ ሙሉ ገላውን?

ዘመዴ ሥራውን ሲጀምር አንገቱን ብቻ መረጠ። ዒላማ ሜዳ ላይ የተዋወቀው አንድ ሽማግሌ ነው ያስተማረው። የሽማግሌው ምክንያት መጥፎ አይደለም። ቀለሁ አንዴ ሲተኮስ የዚያን ጠመንጃ ጓዳ ቅርጽ ይይዛል። ኮርቻ የአንዲቱን በቅሎ ጀርባ እንደሚለምደው ማለት ነው። ታዲያ የለመደውን ለምን ታበላሽበታለህ? አንገቱን ብቻ አጥብበህ አረር አስገባበት። ናሱ ብዙ አይሠራም፣ ዕድሜው ይረዝማል።

ሃያ ቀለህ ነበረው። አንደኛው ዙር ጥሩ። ሁለተኛው ጥሩ። አራተኛው ላይ መቀርቀሪያው ሲዘጋ ከበድ ማለት ጀመረ። አምስተኛው ላይ አውራ ጣቱን አጠንክሮ መግፋት ነበረበት። «ቆሻሻ መስሎኝ ነበር» አለኝ። በርሜሉን ወለወለ፣ ዘይት ቀባ። ለውጥ የለም።

ያ ቆሻሻ አልነበረም። ናስ በተነፋና በተጨመቀ ቁጥር ይደነድናል። ሽቦ ደጋግመህ ስታጥፈው እየጠነከረ ሄዶ በመጨረሻ ቀጭ ብሎ እንደሚሰበረው። ሰፍቶ የቀረውን ገላ ደግሞ የሚመልሰው የለም። አንገቱን ብቻ ስታጠብ ገላው በየተኩሱ ትንሽ ትንሽ እየሰፋ፣ ትከሻውም ወደፊት እየገፋ ይሄዳል። አንድ ቀን ጓዳውን ሞልቶ ቁጭ ይላል።

ያ ቀን የመጣው ጥቅምት 2013 ነው። ኮሎራዶ ተራሮች ላይ፣ ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ። ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ሊያድን ፈቃድ አውጥቶ፣ ሌሊት ተነስቶ ወጥቷል። ጎሕ ሲቀድ ኤልኩ ከዛፎቹ ወጣ። መቀርቀሪያውን ገፋ። ግማሽ ሄዶ ቆመ። በመዳፉ መታው። ገባ። ኤልኩ ግን ድምፁን ሰምቶ ሄዷል።

ከዚያ ልክፈት ቢል እምቢ አለ። አስበው፤ የጎረሰ ጠመንጃ፣ የማይከፈት መቀርቀሪያ፣ ብቻህን ተራራ ላይ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወረደ። የከፈተለት ጠመንጃ ጠጋኝ ነው። ይህን ሲነግረኝ ከተፈጸመ ዓመት አልፎት ነበር፤ ድምፁ ግን ይንቀጠቀጣል።

ሰው ሲደነግጥ ወደ ሌላው ጫፍ ይሮጣል። እሱም እንደዚያው። ሙሉ ገላ የሚጨምቀውን ዳይ ገዛ። አብሮት የመጣው ወረቀት «ታች ካለው የቀለህ መያዣ ጋር እስኪነካካ አውርደው፣ ከዚያ ትንሽ ጨምርበት» ይላል። እንደተባለው አደረገ። አዲስ ሃያ ቀለህ ጀመረ። መቀርቀሪያው እንደ ቅቤ መሄድ ጀመረ። ደስ አለው። አራተኛው ዙር ላይ ያ የሚያበራ መስመር መጣ።

ወረቀቱ ስህተት ነው አልልም። ዳይ የሚሠራ ድርጅት ጥይቱ ዓለም ላይ ያለ የትኛውም .308 ውስጥ እንዲገባ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ለጠባቡ ጓዳ ያስባል። ጠመንጃ ሠሪዎች የዚህን ልክ ጓዳ ከትከሻ እስከ ቂጥ የሚፈትሹባቸው ሁለት መለኪያዎች አሉ። 41.40 ሚሊሜትሩ መግባት አለበት፤ 41.50ው መግባት የለበትም። በሁለቱ መሃል ያለው ጠመንጃ ሁሉ ጤነኛ ነው። የዘመዴ ጠመንጃ ወደ ሰፊው የሚያደላ ሆኖ ተገኘ። ለጠባቡ የተሰፋ ልብስ ለሰፊው ሰው ሰጠኸው ማለት ነው።

ስልክ ላይ መጀመሪያ ያስደረግሁት ልኬት አልነበረም። የወረቀት ማያያዣ ሽቦ እንዲያመጣ ነገርኩት። ቀጥ አድርጎ ጫፉን እንደ መንጠቆ አጠፈው። በቀለሁ አፍ አስገብቶ፣ የውስጡን ግድግዳ እየነካ ከቂጥ ወደ ላይ ጎተተው። ግድግዳው የሳሳ ከሆነ ጫፉ ጉድጓዱ ውስጥ ይወድቃል፣ ይያዛል። ቪዲዮ ከፍተን አንድ በአንድ ፈተሸ። ከሃያው ስድስቱ ላይ ተያዘ። ከስድስቱ አንዱን በብረት መጋዝ ቁመቱን ሰነጠቀውና ካሜራው ላይ አስጠጋው። ከውጭ መስመር የመሰለው ነገር ከውስጥ ቦይ ነው። ግድግዳው እዚያ ጋ እንደ ምላጭ ሳስቷል።

ሁለታችንም ዝም አልን።

እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ። ትከሻው ከልክ በላይ ወደ ኋላ ከተገፋ ጥይቱ ጓዳው ውስጥ ይላላል። መርፌው ሲመታው ወደፊት ይንሸራተታል። ባሩዱ ሲነድ ቀጭኑ የፊት ግድግዳ ተነፍቶ ጓዳው ላይ ይጣበቃል፤ አይንቀሳቀስም። ወፍራሙ ቂጥ ግን አይነፋም፣ አይጣበቅም። ግፊቱ ወደ መቀርቀሪያው ይወረውረዋል። አንዱ ጫፍ ተይዟል፣ ሌላው ይጎተታል። የሚለጠጠው ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው። በየተኩሱ እዚያው፣ እዚያው። አንድ ቀን ቂጡ ለብቻው ይወጣና ገላው ጓዳው ውስጥ ይቀራል። ያኔ ያን ሁሉ ግፊት የያዘ ጋዝ መውጫ ይፈልጋል። የተኳሹ ዓይን ከዚያ አንድ ስንዝር አይርቅም።

ሃያውንም በፒንሳ ጨፍልቆ እንዲጥላቸው ነገርኩት። «አሥራ አራቱ እኮ ደህና ናቸው» አለኝ። አንድ ዓይነት ዳይ፣ አንድ ዓይነት ጠመንጃ፣ እኩል ዙር። ዛሬ ያልተያዘው ነገ ይያዛል። ጨፈለቃቸው።

ከዚያ ወደ ልኬት ገባን። ካሊፐር፣ ማለትም ርዝመትና ውፍረት መለኪያ፣ ነበረው። ላዩ ላይ የሚታሰር፣ ትከሻውን መሃል ላይ የሚይዝ ትንሽ ቀለበት ገዛ። በዚህ መሣሪያ የሚወጣው ቁጥር ከሰው ሰው ይለያያል። የአንተን ቁጥር ከእኔ ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም። የሚጠቅመው በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ እጅ፣ በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት ነው።

የእሱ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ከሱቅ የመጣው አዲስ ቀለህ 41.33 ሚሊሜትር። አንዴ ሲተኮስ 41.42። ሁለቴ ሲተኮስ 41.45። በአንገት ብቻ አምስቴ ያለፉትና ማስታወሻ ብሎ ያስቀመጣቸው ሁለት ቀለሆችም 41.45 ናቸው። ስለዚህ ጓዳው ማለት 41.45 ገደማ ነው። በወረቀቱ መሠረት የተጨመቁትስ? 41.25። በየተኩሱ 0.20 ሚሊሜትር እየጎተተ፣ መልሶ እየገፋ፣ እንደገና እየጎተተ ነበር። እኔ ኩሽኔታ ሳስገባ 0.02 ሚሊሜትር ብትስት እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። 0.20 ለእኔ በር ነው።

የገላውን ስፋትም ለካን። ቂጡ አጠገብ አንዴ የተተኮሰው 11.94፣ አንገት ብቻ እየተጠበበ አምስቴ የተተኮሰው 11.97፣ ሙሉ ዳይ ውስጥ ያለፈው 11.91። ተራራው ላይ መቀርቀሪያውን የያዘችው ያቺ 0.03 ናት፤ ጓዳውን ከሞላው ትከሻ ጋር ተደምራ።

እዚህ ላይ እኔም ተሳሳትኩ። ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሙሉ ዳዩ አብዝቶ ገፋ፤ እንግዲያው ግማሽ ዙር አንሳው፣ መሃል ላይ ይቆማል አልኩት። አነሳው። ሁለቴ የተተኮሰ ቀለህ ቅባት ቀብቶ ጨመቀው። ለካው። 41.50።

ረዘመ! ሳይገባ 41.45 የነበረው ወጥቶ 41.50 ሆነ። ሦስት ጊዜ ለካው። ሌላ ቀለህ ሞከረ። ያው ነው። «ካሊፐሩ ተበላሽቶ ይሆን?» አለኝ። ነገ እናያለን ብዬ ዘጋሁ።

ነገሩ የገባኝ በማግስቱ ባለቤቴ ሊጥ ስታቦካ ሳይ ነው። ሊጥ በመዳፍህ ጨብጠህ ስትጨምቀው በጎን የጠፋው በጣቶችህ መሃል ወደ ላይ ይወጣል። ናሱም ሌላ ምን ያድርግ? ዳዩ ገላውን ከጎን ይጨምቃል፤ ናሱ መሄጃው ወደ ላይ ነው፤ ትከሻው ወደፊት ይወጣል። ዳዩ በቂ ሲወርድ ብቻ ነው የዳዩ ትከሻ የቀለሁን ትከሻ አግኝቶ መልሶ የሚገፋው። ግማሽ ላይ ካቆምከው ጭመቃውን ወስደህ ግፊያውን ትተሃል። አንገት ብቻ ከማጥበብ የባሰ ጥይት ይሠራልሃል፤ ጭራሽ አይዘጋም። ብዙ ሰው መሃሉ ይሻላል ብሎ የሚወድቀው እዚህ ነው። እኔም ወደቅሁ።

ስለዚህ መሃል መፈለጉን ተውን። ዳዩ ሙሉ ገላውን ይጨምቅ፤ ትከሻውን ግን የሚገፋው ከጓዳው 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ያሳጠረ እንዲሆን ወሰንን። ግባችን 41.40 ሆነ። 0.05 ማለት የተራ ወረቀት ውፍረት ግማሽ ያህል ነው። መቀርቀሪያው ሳይታገል ለመዝጋት ይበቃዋል፤ ናሱ ግን የሚለጠጥበት ቦታ የለውም።

ይህን እንዴት ታስተካክላለህ? የዳዩ ጥርስ በአንድ ኢንች 14 ነው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ዙር ዳዩን 1.814 ሚሊሜትር ያወርደዋል። 0.05 ሚሊሜትር ስንት ዙር ይሆናል? አሥር ዲግሪ። በሰዓት ገጽ ላይ የደቂቃው ቆጣሪ በሁለት ደቂቃ ከሚሄደው ያንሳል። ይህን ሂሳብ ወረቀት ላይ ሠርቼ ፎቶውን ስልክለት ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እኔ እኮ በሩብ ዙር ነበር የማንቀሳቅሰው» ብሎ ጻፈ።

የዚያ ዓመት ፋሲካን አገሩ ሊያሳልፍ መጣ። ቀለህም ዳይም አላመጣም፤ አይፈቀድም። ያመጣው ደብተሩን ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ ቶርኖ ቤቴ ውስጥ፣ ሞርሳው አጠገብ ተቀመጥን። አባቱ፣ ማለትም አጎቴ፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጎራ አሉ። ነጠላቸውን ሰብስበው በርጩማ ላይ ተቀመጡና ዝም ብለው አዳመጡን።

ስንጨርስ «ቆይ» ብለው ልጅ ወደ ቤት ላኩ። ልጁ ትንሽ ጨርቅ የተጠቀለለች ነገር ይዞ መጣ። የሴት አያታችን የኩል መያዣ ናት። አሮጌ የውጅግራ ቀለህ ናት፤ አፏ በእንጨት ውታፍ ተዘግቷል። ውጅግራ ፈረንሳይ በ1874 እ.ኤ.አ. የሠራችው፣ 11 ሚሊሜትር፣ በጥቁር ባሩድ የሚተኮስ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው።

«አባቴ በጣሊያን ጊዜ ቀለህ ጥሎ አያውቅም ነበር» አሉ አጎቴ። «ተኩሶ ጎንበስ ብሎ ያነሳ ነበር። እርሳስ አቅልጠው መልሰው ይሞሉት ነበር።»

«አባባ፣ ልክ ያስይዙት ነበር? ይጨምቁት ነበር?» አላቸው ልጃቸው።

«እሱን እንጃ። ካልገባ ይተውት ነበር መሰለኝ።»

እኔ ቀለሁን አገላብጬ አየሁት። የጥቁር ባሩድ ግፊት ከዛሬው በጣም ያነሰ ነው፣ ጓዳውም ሰፊ ነው፤ ያ ዘመን ናሱን ይምረው ነበር። አንገቱ ላይ ግን ከአፍ ወደ ታች የወረደ ስንጥቅ አለ። ኩል መያዣ ከሆነ ወዲህ ማንም አልተኮሰውም፣ ማንም አልረገጠውም። ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነው የተሰነጠቀው።

ይህ የታወቀ ነገር ነው። እንግሊዞች ህንድ ውስጥ ጥይት የፈረስ ጋጣ ውስጥ ሲያከማቹ በዝናቡ ወራት ቀለሆቹ በገዛ እጃቸው ይሰነጠቁ ነበር። ኋላ ምክንያቱ ተገኘ። ከእንስሳቱ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ነው። የደነደነ፣ ውስጡ የተወጠረ ናስ አሞኒያ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ይህችን የአያታችንን ቀለህ የሰነጠቃት ያ ይሁን ሌላ መናገር አልችልም። ቤቱ ግን ከጋጣው በአንድ ግድግዳ ነበር የሚለየው።

ይህን ስናገር ዘመዴ ፊቱ ተለወጠ። «እኔ ቀለሆቼን የምወለውለው በመስታወት ማጽጃ ነው» አለ። ብዙ የመስታወት ማጽጃ አሞኒያ አለበት። ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው፣ ሁለቴ አሰመረበት።

ከዚያ ወደ ማለስለስ ሄድን። የደነደነን ናስ እሳት ይመልሰዋል። የአንገት ስንጥቅን የሚያዘገየው፣ ትከሻውም ስትገፋው ሁልጊዜ እኩል እንዲመለስ የሚያደርገው ይህ ነው። ብረት የለመደ ሰው እዚህ ይሳሳታል። አረብ ብረት አግለህ ውኃ ውስጥ ብትነክረው ይጠነክራል። ናስና መዳብ አይጠነክሩም፤ በውኃም በነፋስም ቢቀዘቅዙ ለስላሳ ናቸው። ጋራዥ ውስጥ የኢንጄክተር የመዳብ ሮንዴላ በእሳት አግለው መልሰው የሚጠቀሙበት ለዚህ ነው። ግን እሳቱ የሚነካው አንገትና ትከሻን ብቻ ነው። ቂጡ ደንድኖ መቅረት አለበት። ቂጡን ያለሰለሰ ሰው ያን 4,270 ባር በሊጥ ልያዝ ብሏል። ቀለሁን እንዲሁ ቀይ እስኪሆን የሚያግሉ ሰዎች ቪዲዮ አይቻለሁ። አንድም ቀን አትከተሏቸው።

አጎቴ ሁሉን ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት። «ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን አለካኸውም?»

«መለካት እንዳለበት የነገረኝ የለም፣ አባባ» አላቸው።

ኮሎራዶ ተመልሶ ሥራውን ጀመረ። የመጨረሻው ማስተካከያ በካሊፐር ብቻ አይደለም፤ በእጅም ነው። መቀርቀሪያውን ፈታው። መርፌውን፣ ስፕሪንጉን፣ ቀለህ ወርዋሪዋን ችንካር አወጣ። ባዶ መቀርቀሪያ ያለ ስፕሪንግ ሲሆን እጀታው በገዛ ክብደቱ ይወድቃል። ሁለቴ የተተኮሰ፣ ያልተጨመቀ ባዶ ቀለህ አስገባ። እጀታው መሃል ላይ ቆመ። ዳዩን ከፍ አድርጎ ጀመረ፤ ጨመቀ፣ ለካ፣ አስገባ። ከዚያ ዳዩን ሰዓት ላይ ሁለት ደቂቃ በማትሞላ እርምጃ አወረደው። ጨመቀ፣ ለካ፣ አስገባ። ሰባተኛው ላይ እጀታው ያለማንም እርዳታ ወረደ። ካሊፐሩ 41.41 አለ። አንድ እርምጃ ጨመረ። 41.40። የዳዩን ቀለበት ቆልፎ በቀለም ምልክት አደረገበት።

ልብ በሉ፤ ሂሳቤ አሥር ዲግሪ 0.05 ነው ይላል። እሱ ግን አንዳንዴ አሥር ዲግሪ አውርዶ 0.03 ብቻ ያገኝ ነበር። መጭመቂያው ራሱ በጭነት ይለጠጣል፣ ናሱም ይመለሳል። ሂሳቡ ከየት እንደምትጀምር ይነግርሃል። የት እንደምትቆም የሚነግርህ ካሊፐሩ ነው።

ቅባቱን አልዘለለም። ሳይቀባ ዳይ ውስጥ የገባ ቀለህ እዚያው ይነክሳል፤ ለማውጣት ቂጡን በስቶ ጥርስ ማውጣት ይመጣል። ርዝመቱንም በየዙሩ ይለካል። የተጨመቀ ናስ ወደ አንገት ይፈሳል፤ ቀለሁ ከ51.18 ሚሊሜትር ካለፈ አፉ የጓዳው ጫፍ ላይ ተጣብቆ አረሩን ያንቀዋል፣ ግፊቱ ይዘላል። እሱ 50.93 ላይ ይቆርጠዋል።

ታዲያ አንገት ብቻ ማጥበብ ከነጭራሹ ስህተት ነው? አይደለም። አንድ ሰው፣ አንድ ባለ መቀርቀሪያ ጠመንጃ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ወረቀት የሚመታ፣ ጥይት ካልገባ ትቶ ሌላ የሚያነሳ ከሆነ ይሠራል። እሱም ቢሆን በየጥቂት ዙሩ ገላውን መመለስ ግድ ይለዋል። ሁለት ጠመንጃ ካለህ ግን ቀለሆቹ ይቀላቀሉብሃል፤ የአንዱ ለሌላው አይገባም። በራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ ከሆነ ጭራሽ አይታሰብም፤ ያ ጠመንጃ ጥይቱን በጉልበት የሚገፋለት እጅ የለውም። ለእሱ ሙሉ ገላው ይጨመቃል፣ ትከሻውም ትንሽ ተጨምሮ ይገፋል። ለአደን የሚወጣ ሰው አንገት ብቻ ያጠበበ ጥይት ይዞ ተራራ እንዲወጣ እኔ አልመክርም። ያየሁትን አይቻለሁ።

ዘመዴ ለዒላማ ያለውን ልዩነትም ሞክሮታል። በአንገት ብቻና በልክ በተገፋው ትከሻ ተኩሶ ወረቀቶቹን ላከልኝ። በዓይን የሚለይ ልዩነት የላቸውም።

አዲሶቹ ሃያ ቀለሆች መስከረም 2015 ላይ ስምንተኛ ዙራቸውን ጨረሱ። በየሦስት ዙሩ አንገታቸው ለስልሷል። ሁለቱ ሞተዋል። አንዱ አንገቱ ተሰነጠቀ፣ የሌላው የማቀጣጠያ ጎድጓዳ ላላ። አሥራ ስምንቱን አንድ በአንድ በሽቦው ፈትሿቸዋል። አንዱም ላይ አልተያዘም። ትከሻቸው 41.39 እና 41.41 መሃል ነው።

ለጥቅምቱ አደን ከመውጣቱ በፊት ዒላማ ሜዳ ሄደና የሚይዛቸውን ጥይቶች በሙሉ አንድ በአንድ አጎረሰ፣ አወጣ፣ አጎረሰ፣ አወጣ። ስልኩን አጠገቡ አስቀምጦ ድምፁን ቀድቶ ላከልኝ። እሱ ጋ ጠዋት ነው፣ እኛ ጋ መሽቷል፤ ዘጠኝ ሰዓት እንቀድማቸዋለን። አጎቴ ቶርኖ ቤቴ መጥተው የማረሻ ጫፍ እያሠሩ ነበር። ማሽኑን አጠፋሁና ከፈትኩላቸው። ነፋስ ይሰማል። ከዚያ ብረት በብረት ላይ ሲንሸራተት፣ ከዚያ እጀታው ሲወርድ። ቀጭ። ደግሞ ቀጭ። አንዱም አልተንቀራፈፈም፣ አንዱም አልተመታም።

አጎቴ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው እስከ መጨረሻው ሰሙ። «ሁሉም ዘጋ?» አሉኝ።

«ሁሉም ዘጋ፣ አባባ።»

«እስቲ ድገመው» አሉ።